ደም የለበትም

አንዳርጌ ወልደጨርቆስ በየዓመቱ ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ ወደ ሻምበል ኃይለልዑል ቤት ይሄድ ነበር። በዚያም አንዳርጌ፣ ሻምበሉ በዕድሜ ዘመኑ የሰበሰባቸውን ጥንታውያን የኪስ ሽጉጦች በሳጥን ውስጥ ካለው የከፋይ ጨርቅ መኝታቸው እያነሣ ይወለውላል፤ ዘይት ይቀባል፤ በመጨረሻም የየአንዳንዱን ዋጋ ይናገራል። በድሬዳዋ የአሮጌ መሣሪያ ዋጋ ከእርሱ አፍ ካልወጣ እንደ ዋጋ አይቈጠርም ነበርና ገዥም ሻጭም ቃሉን ያከብራል። ሁለቱ ወዳጆች በከዚራ ሰፈር ዛፎች ጥላ ሥር ባለው በዚያ ወፍራም ግንብ ቤት ቀትሩን የሚያሳልፉት ለሙቀቱ መስኮቱን ዘግተው ሲሆን፣ በመዝጊያው ስንጥቅ ከሚገባው ቀጭን ብርሃን በቀር ክፍሉን የሚያበራው አልነበረም።

ሥራው የራሱ ሥርዐት ነበረው። የመሣሪያው ባለቤት ቀኝ እጁን በብረቱ ላይ አኑሮ «ደም የለበትም» ብሎ ካልማለ በቀር አንዳርጌ ዋጋ አይናገርም፤ ነፍስ ያጠፋ መሣሪያ በቤቱ እንዲያድር የሚወድ የለምና። ሻምበሉ ሁልጊዜ ይምላል፤ አንዳርጌም ሁልጊዜ ያምነዋል። እንዴትስ አያምነው? ታናሽ ወንድሙ ልሳነወርቅ በዚያ ወጣት በሚታደንበት ክፉ ዘመን ተደብቆ ሳለ የውኃ ሽታ ሆኖ ሲቀር፣ አብሮት አገር ያሰሰ፣ ሬሳ በሌለበት ድንኳን ያስተከለ፣ ከመሬት ደግፎ ያነሣው ይኸው ሰው ነው። ከዚያ ወዲህ አንዳርጌ ከእግዚአብሔር የሚለምነው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ የወንድሙን ዐፅም አግኝቶ በቤተ ክርስቲያን ዐፀድ ማሳረፍ።

ዘንድሮም እንደ ልማዱ የመጀመሪያውን ሽጉጥ አንሥቶ አፈሙዙን ወደ አፍንጫው አስጠጋ።

«አሁንም እንደ ውሻ ታሸታለህ?» አለው ሻምበሉ እየሣቀ።

«ውሻስ ሌባ ይይዛል፤ እኔ ከዝገት በቀር የያዝሁት የለም።»

ይህን ብሎ አፈሙዙን ዳግመኛ አሸተተ። ከዚያች ጠባብ አፈሙዝ የመጣው የዘይት ሽታ ሳይሆን ገና አሁን የተቃጠለ ባሩድ ሽታ ነበር፤ ለዚያች ሽጉጥ የሚስማማ ጥይት ግን እርሱ ገና ልጅ ሳለ ከገበያ ጠፍቷል። አፍንጫዬ አርጅቷል ብሎ መልሶ አስተኛት። ሁለተኛውን ሲያነሣ ብረቱ ሞቀው፤ ፀሐይ የመታው ድንጋይ ሙቀት ሳይሆን ከሰው ብብት ሥር እንደ ወጣ ነገር ለስላሳና እርጥብ ሙቀት ነበር። የሦስተኛውን የዝሆን ጥርስ እጀታ ላብ አልብሶት አገኘ፤ ጠረገው፤ ጨርቁን ሲያነሣ እጀታው ተመልሶ ወዛ።

«ከእኔ በፊት የነካቸው አለ?»

«ቁልፉ በአንገቴ ነው። ማን ይነካቸዋል?» አለ ሻምበሉ፤ እጁንም በብረቱ ላይ አኑሮ «ደም የለበትም» ሲል ማለ።

በዚያን ጊዜ ከውጭ የሚሰማው የባጃጅ ጩኸት፣ የሻምበሉ ሚስት ወይዘሮ እቴነሽ በጓሮ የምታጥበው የሰሐን ድምፅ፣ በዛፉ ላይ የቁራዎች ክርክር ሁሉ ውኃ እንደ ዋጠው ራቀ፤ በምትኩም ከሳጥኑ ውስጥ፣ ከከፋዩ ሥር፣ በበር ኋላ ተሸሽጎ ትንፋሹን እንደሚያፍን ሰው ያለ ድምፅ ተሰማው። አንዳርጌ ልቡን ለማረጋጋት አራተኛውን አንሥቶ ይወለውል ጀመር። በጠራው ኒኬል ገጽ ላይ ከሻምበሉ ወንበር ኋላ ነጭ ሸሚዝ የለበሰ ሰው ቆሞ አየ። ቀና ቢል ግድግዳው ባዶ ነበር። ዳግመኛ ወደ ኒኬሉ ለማየት አልደፈረም።

ሻምበሉ ከኪሱ በመሐረብ የተጠቀለለች ትንሽ ሽጉጥ አውጥቶ በጠረጴዛው ላይ አኖረ።

«ይህችን አይተሃት አታውቅም።»

«እጅህን አኑርና ማልባት።»

«በዚህችስ አልምልም።»

አንዳርጌ ቀልድ መሰለው። «ምነው ሻምበል፣ በስተርጅና ጽድቅ ጀመርህ?»

«በሌሎቹ ላይ በሐሰት መማል ሰለቸኝ።» ድምፁ ስለ ዝናብ እንደሚያወራ ሰው የረጋ ነበር። «አንተ ሰው፣ የኪስ ሽጉጥ ከወንዝ ማዶ ያለ ጠላት አይመታም። የሚመታው ከማዕድ ማዶ ያለውን ነው፤ ሊያቅፍህ የሚቀርበውን ነው። ይህን ከእኔ ይልቅ አንተ ታውቃለህ። እኔ የሰበሰብሁት ወዳጅ ወዳጁን የገደለበትን ብቻ ነው።»

«ይህችስ?»

«ይህች የራሴ ናት። ልሳነወርቅን እዚህ ነበር የደበቅሁት፤ በዚህ ክፍል። ጀርባውን ሰጥቶኝ ውኃ ይጠጣ ነበር።»

አንዳርጌ የሻምበሉን እጆች ተመለከተ። እንባም አልመጣለትም። በድንኳኑ ውስጥ ትከሻውን የደገፉት እነዚያ እጆች ናቸው አሁን በጠረጴዛው ላይ ተደራርበው የተቀመጡት።

«ምን በደለህ?»

«ምንም። አመነኝ።»

ሻምበሉ ሽጉጧን አንሥቶ በአንዳርጌ መዳፍ ላይ አስቀመጠ፤ ጣቶቹንም አንድ በአንድ፣ እንደ ሕፃን ጣት፣ በእጀታዋ ላይ አጠፋቸው። «ሐኪሙ ለፍልሰታ አትደርስም ብሎኛል። ዋጋዋን ሳልሰማ መሞት አልፈልግም፤ ያለ አንተ ቃል ደግሞ ዋጋ የላትም። ዐፅሙ የት እንዳለም ልንገርህ፤ ጠይቀኝ። ዛሬ አልዋሽህም።»

ከወንበሩ ኋላ ያለው ጨለማ፣ ስሙ እስኪጠራ እንደሚጠብቅ ሰው፣ ወደ አንዳርጌ አዘነበለ። ያን ሁሉ ዘመን በልቡ የተሸከመው ጥያቄ አጭር ነበር፤ የት ነው? ሽጉጧ በመዳፉ ውስጥ ትፋጃለች፤ አውራ ጣቱ ሳያዝዘው በአፈሙዟ ላይ የተቀረጸውን ረቂቅ የሐረግ ጌጥ ይከተላል፤ እንከን ይፈልጋል፤ እንከን አያገኝም። አንዳርጌ ስለ ወንድሙ ሊጠይቅ አፉን ከፈተ፤ ከአንደበቱም ግን በጥያቄው ምትክ፣ ያለ መሐላ፣ በረጋና በለዘበ ድምፅ፣ ለማንኛዋም ሽጉጥ ሰጥቶት የማያውቀው ከፍ ያለ ዋጋ ወጣ።