የነባሩ መደብ ቃሪያ

ሕሊና ከቡሬ ወጣ ብሎ ባለው፣ በመረብ በተሸፈነ የተክል መሞከሪያ ቤት፣ በበርበሬ መደቦች መካከል ሞታ ተገኘች። ምሳዋን አጋምሳዋለች፤ የተገመጠ ቃሪያ አጠገቧ ወድቋል፤ አፏ አረፋ ደፍቋል። ቫይረስ የማይጥለው፣ ዘረመሉ የተቀየረ በርበሬ የምትሞክር ወጣት ተመራማሪ ነበረች።

ኢንስፔክተር አምለሰት ከፍኖተ ሰላም እስክትደርስ እኛ ፍርዱን ጨርሰናል፤ መቼም ጎረቤት ፖሊስ አይጠብቅም። ገዳዩ ሙከራውን ያወገዙት መሪጌታ ወልደ ዮሐንስ ናቸው ብለን፣ ጎረምሶቹ ቤታቸውን ሊያቃጥሉ ተነስተዋል።

«መሪጌታ፣ ጠልተዋት ነበር?» አለች አምለሰት።

«ዘሩን ተቃወምሁ፤ እሷን ግን በየሰንበቱ እመርቃት ነበር። ምርቃቴ እንዲህ ከሆነ እርግማኔን ማን ይችለዋል?»

የተባይ መድኃኒት ሻጩ ክንዱ ሳይጠየቅ ጀመረ። «ገበያዬን ትዘጋለች ብዬ ልገድላት? ኧረ እቴ! ተባዩ ጎመኑም ላይ ሞልቷል!»

የመሬቱ ባለቤትና የመደቦቹ ተንከባካቢ አያ አድማሴ ጥግ ይዘው ያለቅሳሉ።

አምለሰት ጎንበስ ብላ ቅጠል ትገለብጥ ጀመር። በአዲሱ ዘር ላይ ክሽክሹ፣ ቫይረሱን የሚያዛምተው ጥቃቅን ተባይ፣ ይርመሰመሳል። ቅጠሉ በጠወለገው በነባሩ ላይ ግን ሞቶ ረግፏል። ቀና ብላ ሁሉንም ሰበሰበች።

«ነባሩ በርበሬ የተተከለው ለማወዳደሪያ ነው። ክሽክሹ ቫይረሱን እንዲያመጣበት መድኃኒት አይነካውም። ሕሊና ይህን ታውቃለች፤ ከአዲሱ ዘር መብላት ክልክል ስለሆነ፣ ለምሳዋ ከነባሩ ቃሪያ ቀጥፋ ሳታጥብ በላች። ግን አንድ ሰው ረጭቶታል።»

«ጠላት ነዋ!» አለ ክንዱ።

«ጠላትማ አዲሱን ዘር ባጠፋ ነበር። ይኼ ሰው ጤነኛውን ትቶ በሽተኛውን ብቻ ነው የረጨ። መርዝ ሊያበላ አልመጣም፤ ሊያክም እንጂ።»

አያ አድማሴ ተነሱ።

«በርበሬ ሲጠወልግ እጄን አጣጥፌ ልይ? አርባ ዓመት ያልለመድሁትን! ዛሬ ጧት፣ ሳትመጣ፣ ቶሎ ይዳን ብዬ የተባይ መድኃኒቱን አወፍሬ በጥብጬ ረጨሁት። ከሱ መብላቷን መች አወቅሁ።»

«ለምን አልነገሯትም?»

«ትቆጣኛለች ብዬ ፈራሁ፣ ልጄ።»

ቤት ሊያቃጥሉ የተነሱት ጎረምሶች መሬት መሬቱን ያያሉ። እኛም።

«እናቷ ደምበጫ ናት» አሉ አያ አድማሴ። «ከመታሰሬ በፊት መርዶውን እኔው ላድርስ?»

መሪጌታ ቀረብ ብለው የአያ አድማሴን ክንድ ደገፍ አደረጉ።

«ብቻህን አትችለውም፣ አድማሴ። ና፣ አብረን እንነግራታለን።»