የትንሹ መብራት ምሕረት

አምባዬ በወጣትነቱ ድሬዳዋ ሳለ፣ ጌታው የነበረው አርመናዊ ፎቶ አንሺ ለአንድ ደንበኛ ሲያወራ ከመጋረጃው ጀርባ ሰምቶ ነበር፤ ግማሹ ከልቡ ጠፍቷል። «ዋናው መብራት የፊትን ጉድ ሁሉ ያወጣል፤ ትንሹ ረዳት ግን ከጥላው በኩል ቆሞ...» ይሸፍናል ነበር ያለው ወይስ ይምራል? አምባዬ «ይምራል» ብሎ ያዘው።

በጥቅምት ወር ፲፱፻፶፱ ዓ.ም.፣ አዋሽ ባቡር ጣቢያ አጠገብ ወዳለችው ፎቶ ቤቱ፣ ከመልካ ወረር ወዲህ ያለው የአንድ ጥጥ እርሻ የዘበኞች አለቃ፣ ባሻ ቢሰጥ የሚባሉ፣ እጁ የታሰረ ሰው እየገፉ ገቡ። ሐመዱ የሚባል አፋር ነው፤ ከብቶቹን ወደ ወንዙ ሲነዳ ማሳ ረግጠሃል ተብሎ በሰደፍ ተደብድቧል፤ ጉንጩ ተሰንጥቆ አንድ ዓይኑ በእብጠት ተደፍኗል። ሽማግሌዎች አቤት ቢሉ፣ የናዝሬቱ ዳኛ «መመታቱ በፎቶግራፍ ከታየ ይፈታል፤ ካልታየ እዚያው እርሻው እስር ይቆይ» ብለው መልእክተኛ ልከዋል፤ እርሱም ፊልሙን ማንም እንዳይነካካው ሳይታጠብ ተቀብሎ በባቡሩ ሊመለስ ደጅ ቆሟል። እዚያው መቆየት ምን እንደ ሆነ አዋሽ ያውቃል፤ የሐመዱ ወንድም ከእርሻው መጋዘን የወጣው በቃሬዛ ነበር።

«የእኔን የፈንጣጣ ጠባሳ እንዳጠፋህልኝ የዚህንም አጥፋ» አሉ ባሻ። «ያ ትልቁ መብራትህ ተአምረኛ ነው።»

ጠባሳውን ያለሰለሰው ትልቁ ሳይሆን ከወዲያ ጎን ደብዘዝ ብሎ የቆመው ትንሹ ነበር፤ አምባዬ ግን ይህን ለማንም ነግሮ አያውቅም።

«ይቅርታ ባሻ፣ ይህንንስ አላደርገውም» አለ። «እግዜር ያየውን ቁስል እንዴት ብዬ ልደብቅ?»

«ቄስ ነህ ወይስ ፎቶ አንሺ?»

ሐመዱ ደም ተፋ። «መጀመሪያ ፊቴን አበላሸ፤ አሁን ደግሞ እንደ ሙሽራ ሊያስጌጠኝ ነው?» አለ።

ባሻ ሰደፉን አነሡ፤ አምባዬ መኻል ገባ፤ ሰደፉ አፉ ላይ አረፈ። ጥርሱ ወለሉ ላይ ሲንከባለል፣ ባሻ ደግመው ሰነዘሩ፤ እርሱ ዘንበል ሲልባቸው ሰደፉ ትንሹን መብራት አድቅቆ አለፈ። የግማሹ ቤት ብርሃን ጠፋ። ባሻ ደንግጠው ዞሩ፤ ትልቁ መብራት በቦታው ይበራል፤ ልባቸው አረፈ።

«ዋናው ተርፏል» አሉ፣ የጠመንጃውን አፈሙዝ በአምባዬ ደረት ላይ አድርገው። «አሁን በእርሱ አንሣ።»

የዚያን ዘመን ነገር የጻፉ ሰዎች የጥጡን ኩንታልና የቦዩን ርዝመት አልረሱም፤ ሐመዱን የሚያነሣ ግን የለም። በዚያ ፎቶግራፍ እንደ ተፈታ የሚያወሱት አዳይቱ በምትባለው የአፋር መንደር ያሉ ዘመዶቹ ብቻ ናቸው፤ እነርሱም ስለ መብራቱ አልሰሙም።

ባቡሩ ጮኸ። አምባዬ የሐመዱን ፊት አየ፤ ብርሃኑ ከጎን ብቻ እየመጣ የጉንጩን ስንጥቅ እንደ ፈፋ አጥልቆታል፤ ጥላውን የሚያለዝብ ምንም የለም። በልቡ አማተበ፤ የአፉን ደም በእጅጌው ጠርጎ ከካሜራው ኋላ ቆመ።

«እሺ ባሻ» አለ፤ «አነሣዋለሁ።»