«ስለ እኛ» ሥር የወረደው ዝርዝር

ሟቹ የተገኘው በገዛ ጠረጴዛው አጠገብ ነው። ግንባሩ የብረት ካቢኔውን ጠርዝ መትቶ ወድቋል፤ አንድ እጁ ወደ በሩ ተዘርግቷል። ጠዋት ቢሮውን የከፈተችው የጽዳት ሠራተኛ ከደጃፉ ሳታልፍ ጩኸቷን ለቀቀችው። ኢንስፔክተሯ ስትደርስ ግማሹ የሕንጻው ሰው ደረጃው ላይ ቆሞ አንገቱን ያሰግጋል። ሁሉንም አስወርዳ ክፍሉን አሸገች፤ ከእሷና ከሐኪሙ በቀር እግሩን ያስገባ አልነበረም።

ባልደረቦቿ ከኋላዋ «መርፌ» ይሏታል። ቀጭን ሆና አይደለም፤ ደንዳና ሴት ናት። ነገር ውስጥ ቀስ ብላ ገብታ በወዲያኛው በኩል ስለምትወጣ ነው። ይህን ስም ታውቀዋለች፤ ያላወቀች መምሰሉ ደግሞ ያስደስታታል።

ቢሮው ድረ ገጽ የሚሠራ ትንሽ ድርጅት ነው። ሥራ አስኪያጁ የሟቹ ታላቅ ወንድም፣ ንድፍ ሠሪዋ የሟቹ ሚስት ናት። ባዳው ጽሑፍ አዘጋጁ ብቻ ነው። ሟቹ ደግሞ ድረ ገጾቹን ከመሠረት እስከ ጣሪያ የሚገነባቸው ባለሙያ ነበር።

በጓንት እጇ ማውሱን ነካ ስታደርገው ኮምፒውተሩ ነቃ። እየተሠራ ያለው የድርጅቱ የራሱ አዲስ ድረ ገጽ ነው። ቀስቱ ከላይ ከተደረደሩት ርእሶች «ስለ እኛ» የሚለው ላይ ሲያርፍ ሦስት ንዑስ ርእሶች ቁልቁል ወረዱ፤ «ታሪካችን»፣ «አድራሻችን»፣ «ሥራውን የሠሩት»። የመጨረሻውን ከፈተችው። ድርጅቱ እስከ ዛሬ የሠራቸው ድረ ገጾች በሙሉ አሉበት፤ በእያንዳንዳቸው ትይዩ የሟቹና የሚስቱ ስም ሰፍሯል። የሥራ አስኪያጁ ስም የትም የለም።

ቀኑ ሳይመሽ ሚስቲቱ ታሰረች። የሕንጻው ዘበኛ ከሥራ ሰዓት በኋላ ጩኸቷን ሰምቷል፤ «ይህን ካላነሳኸው እኔና አንተ አልቆልናል!» ስትል። ከዚያ እያለቀሰች ወረደች። ከእሷ በኋላ በዋናው ደረጃ የወጣ ሰው የለም። የኋላው የብረት ደረጃ ቁልፍ በእያንዳንዱ ሠራተኛ ኪስ መኖሩን ግን ዘበኛው ሲጠየቅ ብቻ አስታወሰ።

«ጉዳዩ አልቋል። ከነገ ወዲያ ለዐቃቤ ሕግ እናስተላልፈዋለን» አለ የኢንስፔክተሯ አለቃ።

ሴትዮዋ ጡት ያልጣለ ልጅ አላት። የሟቹ እናት ሕፃኑን አዝለው ጣቢያ ይመጣሉ፤ ለምራታቸው ያቀብሏታል፤ እስኪጠባ ድረስ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ይቆማሉ። ክሱ ከጸና ልጁ የሚያድገው አጎቱ ዘንድ ነው፤ ይህንንም ለፖሊሶቹ ተናግረዋል። ኢንስፔክተሯ በሥራዋ ብዙ ጉድ አይታለች፤ የእኚህ ሴት ጀርባ ግን አንጀቷን በላው።

«በምን ተጣላችሁ?» አለቻት ልጁ ከተወሰደ በኋላ።

«የባልና ሚስት ነገር ነው።»

«ባልሽ እኮ ሞቷል።»

«እሱ ሞቷል። ሌሎቹ ግን አሉ» አለችና ወደ እስር ክፍሏ ልትመለስ ተነሣች።

ጽሑፍ አዘጋጁ ጉንጩ እንደ ኳስ አብጦ ተገኘ። በዚያ ምሽት ጥርሱን ሲያስነቅል ነበር፤ የጥርስ ሐኪሙም መስክሮለታል። አፉ ውስጥ ጥጥ ተጎስጉሶም ወሬ አላነሰውም።

«ወንድማማቾቹ ሆድና ጀርባ ከሆኑ ቆይተዋል» አለ። «ሽልማት ሲመጣ መድረክ ላይ የሚወጣው ታላቅየው ነው። ጋዜጠኛ ሲመጣ የሚናገረው እሱ ነው። እውነቱን ልንገርዎት? አንዲት ገጽ ሠርቶ አያውቅም። ታናሽየው ጥርሱን ነክሶ ቻለው፤ ቻለው፤ በመጨረሻ መሮት "ስማችንን አወጣለሁ" ይል ጀመር።»

«አንተስ? ያንተ ስም የለበትም።»

«የኔ ስም ከሚወጣ ደሞዜ ቶሎ ቢወጣ ይሻለኛል» ብሎ ሊስቅ ሲል ጉንጩን ይዞ አቃሰተ።

ሥራ አስኪያጁን ያነጋገረችው በገዛ ክፍሉ ነው። ግድግዳው ዋንጫ ይዞ በተነሣቸው ፎቶዎች ተሞልቷል። ዓይኑ ቀልቷል፤ ማልቀሱ የውሸት አይመስልም።

«ወንድምዎ ከመሞቱ በፊት ምን እየሠራ እንደነበር ያውቃሉ?» አለችው።

«ሰዎች እኔና እሱ በስም ጉዳይ ተኳርፈን ነበር ብለው ነግረውዎት ይሆናል። ሐሰት ነው። አዲሱን ገጽ በዚያው ምሽት አይቼዋለሁ። መኪናዬን ጋራዥ አስገብቼ ስጠብቅ በስልኬ ከፈትኩት። "ስለ እኛ"ን ነካሁ፣ ዝርዝሩ ወረደ፣ ከ"አድራሻችን" ሥር "ሥራውን የሠሩት" ይላል። ገብቼ አነበብኩት። እንዲያውም ደስ አለኝ። ስንገናኝ እንኳን ደስ አለህ ልለው ነበር» አለ።

«ኮምፒውተር ይዘው ነበር?»

«የለም። እዚሁ ቆልፌበት ነው የወጣሁት።»

«ስለ ገጹ ደውሎ ነግሮዎት ነበር?»

«ማንም አልነገረኝም። ራሴ ነኝ ያየሁት።»

ጋራዡ ውስጥ ያለው መካኒክ ሰውየውን ያስታውሰዋል። መኪናውን ትቶ «እግሬን ላፍታታ» ብሎ ወጥቶ፣ ሊዘጉ ሲሉ ተመልሶ ወሰደው። የት እንደሄደ አያውቅም።

ኢንስፔክተሯ መንገድ ዳር ቆማ ድረ ገጹን በስልኳ ከፈተችው። «ስለ እኛ» የሚል የለም። ርእሶቹ በሙሉ ጠፍተው በጥጉ ላይ ሦስት አግድም መስመሮች ብቻ ይታያሉ። ነካቻቸው። ምንም የለም። ስልኬ አርጅቶ ነው ብላ ወደ ቢሮው ተመልሳ የጽሑፍ አዘጋጁን ስልክ ተዋሰች፤ ያው ሆነ። የመሥሪያ ቤቷ የኮምፒውተር ባለሙያ ድረ ገጹን ከውስጥ እንዲፈትሽ አዝዛ በቀጥታ ወደ እስር ክፍሉ ሄደች።

«ይህ ገጽ በስልክ ለምንድን ነው የማይከፈተው?»

«አላለቀማ» አለች ሚስቲቱ። «እሱ ስልኩን ሁሌ ለመጨረሻ ነው የሚያቆየው። መጀመሪያ ለኮምፒውተሩ የርእሶቹን ዝርዝር፣ ሜኑውን፣ ያበጃል። ንዑሶቹን እየጎተተ ከዋናው ሥር ያስገባል፤ ማውስ ሲያርፍበት ይወርዳሉ። እሱ ሲያምርለት ነው ለስልኩ የሚመድበው። እስከዚያ ሦስቱ መስመሮች ጌጥ ናቸው።»

«አንቺ ከወጣሽ በኋላ መድቦት ቢሆንስ?»

«ያኔ በስልክም ይከፈትልሽ ነበራ! እኔ እያለሁ ገና ያንን ርእስ ማስገባቱ ነበር። በእሱ አይደል የተጣላነው» ብላ በእጇ አፏን ያዘች።

ኢንስፔክተሯ ወንበር ስባ ተቀመጠች።

«ወንድምህን በአደባባይ አታዋርደው አልኩት» አለች ሚስቲቱ ቀስ ብላ። «አባት ሆኖ ያሳደገህ ሰው ነው፣ እማዬ ቢሰሙ ያዝኑብናል አልኩት። የቤታችንን ገመና ለፖሊስ ከምዘረግፍ ብዬ ነው ዝም ያልኩት።»

በማግሥቱ ጠዋት ሁሉም በሟቹ ክፍል ውስጥ ተሰበሰቡ። ሥራ አስኪያጁ፣ ጉንጩን የያዘው ጽሑፍ አዘጋጅ፣ ሕፃኑን ያቀፉት እናት፣ በሁለት ፖሊሶች መካከል የቆመችው ሚስት። የኢንስፔክተሯ አለቃም በሩ ላይ ቆሞ ሰዓቱን ያያል።

«ሥራ አስኪያጅ፣ እስኪ ስልክዎን ያውጡ» አለች ኢንስፔክተሯ። «ያን ምሽት ያዩትን ለእናትዎም ያሳዩልን።»

አወጣ። ድረ ገጹን ከፈተ። ሦስቱን መስመሮች ነካ። ደግሞ ነካ። በአውራ ጣቱ ጫን አደረጋቸው።

«ኔትወርኩ ነው» አለ።

«ኔትወርኩ ደህና ነው። ከዚያ ምሽት ወዲህ ማንም ምንም አልለወጠበትም፤ ባለሙያችን መዝገቡን አይቷል። ይህ ሜኑ ለስልክ አንድም ቀን ተመድቦለት አያውቅም። በጣት አይወርድም። በማውስ ብቻ ነው የሚወርደው።» ወደ ጠረጴዛው ጠቆመች። «ርእሱ የገባው የወንድምዎ ሚስት ከመውጣቷ ጥቂት ቀደም ብሎ ነው። ኮምፒውተርዎ እዚህ ተቆልፎበታል፤ ማንም አልነገረዎትም፤ ክፍሉንም አስከሬኑ በተገኘ ጠዋት እኔ አሽጌዋለሁ። ታዲያ ከ"አድራሻችን" ሥር መሆኑን በምን አወቁ? እሷ ከወጣች በኋላ ከወንድምዎ ጀርባ ቆመው ካላዩ በቀር?»

ሥራ አስኪያጁ ዓይኑን ወደ በሩ ወረወረ።

«በኋላው ደረጃ መጡ። ዝርዝሩ ሲወርድ አዩት። አልተናደድኩም ለማለት ብለው ነው የነገሩኝ፤ እኔ ስለ ኩርፊያው አልጠየቅኩዎትም ነበር። ይህን ሥራ አንድ ቀን በእጅዎ ሠርተውት ቢሆን ኖሮ በስልክ አየሁት አይሉኝም ነበር።»

ሰውየው ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አኖረ።

«ልገድለው አልነበረም» አለ። «ሰርዘው አልኩት፤ እንቢ አለኝ። ገፋሁት። አንድ ጊዜ ነው የገፋሁት።»

እናት ሕፃኑን ደረታቸው ላይ አጥብቀው ያዙ። «ሐኪሙ ወዲያው አልሞተም ብሎኛል» አሉ። «ወድቆ ምን አለ?»

«እማዬ፣ ተይ።»

«ምን አለ ነው የምልህ!»

«"ጋሼ፣ አንሣኝ" አለኝ።»

«አንተስ?»

«በሩን ዘግቼ ወጣሁ።»

የኢንስፔክተሯ አለቃ ራሱ መጥቶ ካቴናውን አጠለቀለት። ሲወስዱት እናቱ ከኋላው አላዩትም። ወደ ምራታቸው ሄደው ሕፃኑን ዘረጉላት።

«እንቺ ልጅሽን» አሉ። «እሱን አምኜ አንቺን ፊት ነሳሁሽ። አሁን በምን ዓይኔ ልይሽ?» ይህን ብለው ግድግዳውን ተደግፈው ቁልቁል ተንሸራተቱ።

ሚስቲቱ ልጇን በአንድ ክንዷ አቀፈች። በሌላው እጇ አሮጊቷን ከብብታቸው ሥር ይዛ ወደ ላይ ሳበቻቸው።

«እማዬ፣ ይነሡ» አለች። «ቤታችን እንሂድ።»