ሰባተኛው አስተያየት

ንጉሡ የሚባለውን ወጣት ሞቶ ከገደሉ ሥር ያገኙት አርብ ማለዳ እንጨት ሊለቅሙ የወጡ ሴቶች ናቸው። ከመካነ ሰላም ወጣ ብሎ፣ ምድሩ ድንገት ተቆርጦ ወደ ዓባይ በረሃ በሚወርድበት አፋፍ ላይ ጋቢው ተጣጥፎ ተቀምጧል። በጋቢው ላይ ድንጋይ፣ ከድንጋዩ ሥር ከደብተር የተቀደደ ወረቀት። ጥቅምት 1974 ነበር። ሰማዩ ታጥቦ የተሰጣ ይመስላል፤ ሰው ሊሞትበት የሚገባ ማለዳ አልነበረም።

የአውራጃው ፖሊስ መርማሪ የመቶ አለቃ አራጌ ወረቀቱን ሦስት ጊዜ አነበበው። «እናቴ ሆይ፣ ኃጢአቴ ከበደኝ» ይላል። ቀጥሎ ሁለት ጣት የሚያህል ባዶ ቦታ አለ። ከዚያ «ይቅር ይበለኝ። ልጅሽ ንጉሡ» ብሎ ያበቃል።

ጽሕፈቱ የንጉሡ መሆኑን ከተማው ሁሉ አመነ። ያላመኑት አንዲት ሰው ብቻ ነበሩ፤ እሳቸውም ማንበብ አይችሉም።

«ልጄ ራሱን አልገደለም» አሉ እናቱ ወለተ ጊዮርጊስ፣ ቤታቸው ውስጥ ከተኛው ሬሳ ራስጌ ሳይነሡ።

«አብሽሩ እናቴ። ወረቀቱ ግን . . .»

«ወረቀቱ ምን ያውቃል? ትናንት ጠዋት ያለቀውን የሸሚዙን የአንገት ክሳድ ልብስ ሰፊው አባተ እንዲገለብጥለት ሰጥቶ ነው የወጣ። ቅዳሜ እለብሰዋለሁ አለኝ። ሊሞት የሚሄድ ሰው ክሳድ ያስገለብጣል?»

የመለሱላቸው በሩ ላይ የቆሙት መሪጌታ ኃይለ ማርያም ነበሩ።

«እሜቴ፣ ራሱን ለገደለ ጸሎተ ፍትሐት የለም። ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ ነው የሚቀበር። ሥርዓቱን እኔ አላወጣሁትም። ወረቀቱን አሳይተውኛል እኮ፤ የፈጣሪውን ስም እንኳ ለመጻፍ አፍሮ ቦታውን ባዶ ትቶታል።»

ወለተ ጊዮርጊስ አላለቀሱም። አራጌን እጁን ይዘው ወደ ጓዳ አስገቡትና ከጎታው ውስጥ በጨርቅ የተጠቀለለ ደብተር አወጡ። «አራተኛው ነው። እስክጨርሰው ለማንም እንዳታሳዪ ብሎኛል። አሁን ጨርሷል። እስከ ነገ ቀትር ሬሳውን አላስነሣም። አንተ ልጄ፣ እስከዚያ ድረስ እውነቱን አምጣልኝ። ልጄን ከአጥር ውጭ አልጥለውም።»

ንጉሡ የቀበሌው ንባብ ቤት ጠባቂ ነበር። አዲስ መጽሐፍ ከደሴ እስኪመጣ ክረምት ይገባል፣ ክረምት ይወጣል። ስለዚህ ራሱ ጻፈ፤ ዘንዶ ስለሚጋልብ የዐሥራ አምስት ዓመት ልጅ። ልጁ ዘንዶውን ከዓባይ ገደል በጫጩትነቱ አግኝቶ በወተት ያሳድገዋል። ዘንዶው ሲያድግ ግን ወተቱ አይበቃውም። አንድ ሰው በጉም ተሸፍኖ አፋፍ ላይ ይቆምና የሰው ስም ይጠራል፤ ዘንዶውም የተጠራውን ይወስዳል። ልጁ ከዘንዶው ጀርባ ላይ ሆኖ ድምፁን ይሰማል፤ ፊቱን ግን አያይም። ሦስተኛው ደብተር የሚያበቃው «የጠሪውን ፊት በአራተኛው ታያላችሁ» ብሎ ነው።

ሦስቱ ደብተሮች ከእጅ ወደ እጅ ሲዞሩ ከርመው ንባብ ቤቱ መደርደሪያ ላይ ተመልሰዋል። የሦስተኛው የመጨረሻ ገጾች «የአንባቢ አስተያየት» የሚል ርእስ ተሰጥቷቸዋል። አራጌ ንባብ ቤቱን ከውስጥ ቆልፎ አነበበ።

አንደኛ፣ ልብስ ሰፊው አባተ፣ በእርሳስ፦ «ልጁ ያለ ኮርቻ እንዴት ተቀመጠ? የዘንዶ ቅርፊት ሱሪ ይጨርሳል። በየምዕራፉ መጨረሻ ሱሪው ይጣፍ።»

ሁለተኛ፣ የጤና ጣቢያዋ ድንቅነሽ፦ «ዘንዶው አላስፈራኝም። ልጁ ለምን እንደማይወርድ ነው ያልገባኝ።»

ሦስተኛ፣ መሪጌታ ኃይለ ማርያም፣ በመቃ ብዕር፦ «ዘንዶ የሚረገጥ እንጂ የሚጋለብ አይደለም። እግዚአብሔር ልቦና ይስጥህ።» የፈጣሪ ስም በቀይ ቀለም ተጽፏል።

አራተኛ፣ የቀበሌው ጸሐፊ አጥናፉ፣ ከነማኅተሙ፦ «ዘንዶ በሳይንስ አልተረጋገጠም። ጋላቢው በግል ንብረትነት ይዞታል፤ ለገበሬ ማኅበሩ ማስረከብ ነበረበት።»

አምስተኛውና ስድስተኛው መስከረም ላይ ወደ ደሴ የተመለሱ ተማሪዎች ናቸው፤ አንዱ «ይቀጥል»፣ ሌላው «ፍቅር ይጨመርበት» ብለዋል።

ሰባተኛው ስም የለውም። በሰማያዊ እስክሪብቶ፣ ባለቤቱ እንዳይታወቅበት በተጠነቀቀ እጅ ተጽፏል፦ «ጠሪውን አውቀዋለሁ የምትል ከሆነ ደብተርህን አቃጥል። አለዚያ» . . . ባዶ ቦታ፣ ሁለት ጣት ያህል . . . «የእጅህን ይስጥህ።»

አራጌ ከኪሱ የሟቹን ወረቀት አውጥቶ አጠገቡ ዘረጋው። ከዚያ የንጉሡን ልብ ወለድ ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ እንደገና ገለጠ፤ በዚህኛው ዙር ታሪኩን አልተከተለም፤ አንድ ቃል ብቻ ይፈልግ ነበር።

አባተ መስፊያ መኪናው ላይ አቀርቅሮ አገኘው።

«ክሳዱን ገልብጬዋለሁ የመቶ አለቃ። ለማን ልስጠው?»

«ለእናቱ። ሰባተኛው አስተያየት ያንተ ነው?»

«የኔ ቢሆን ያስቅዎት ነበር።»

«ትናንት ከጸሐይ መግቢያ በፊት የት ነበርክ?»

«እዚችው። በዚህ መንገድ የሚያልፍ ሁሉ 'አባተ ሱሪዬስ?' ሲለኝ ነው የዋለው። ንጉሡም ደብተሩን በብብቱ ይዞ አለፈ። ሲመሽ አፋፉ ላይ ተቀምጦ መጻፍ ልማዱ ነው፤ አገር ያውቀዋል።»

ድንቅነሽ ጤና ጣቢያው ደጅ ላይ እጇን እየታጠበች ነበር። የአራጌን ጥያቄ አልጠበቀችም።

«ያለው የሚባል ወንድሜን በ1970 ወሰዱት። ስሙ ተጠርቶ ወጣ፤ አልተመለሰም። ንጉሡም አብሮት ታስሮ ነበር። እሱ ተመለሰ።»

«ጠልተሽው ነበር?»

«የተመለሰውን ሁሉ ጠልቻለሁ። ይኼ ወንጀል ከሆነ እሰረኝ። ትናንት ሲመሽ ግን ሩቂያን ሳዋልድ ነበር። ሂድና ጠይቃት፤ ልጇ ገና ስም አልወጣለትም።»

መሪጌታ ግቢያቸው ውስጥ ጸሐይ እየሞቁ ብራና ይጽፋሉ። ጥቁሩ መስመር ቀጥ ብሎ ይሄድና መሃል መሃል ላይ ይቋረጣል። ቀዩ ቀለም ቀንዱ ውስጥ ደርቆ ውሃ ይጠብቃል። አራጌ ብራናውን ረጅም ጊዜ አየ።

«በእስክሪብቶ ይጽፋሉ መሪጌታ?»

«እሱ ይጽፋል እንዴ? ይሸናል እንጂ! በእጄም ይዤው አላውቅ።»

«እንዲህ ያለ ጽሕፈት የሚችል ሌላ ሰው በከተማው አለ?»

«የት ተገኝቶ! እኔ ስሞት አብሮኝ ይቀበራል።»

አጥናፉ በቀበሌው ጽሕፈት ቤት ብቻውን ነበር። ጠረጴዛው ላይ እስክሪብቶዎቹ እንደ ወታደር ተሰልፈዋል። ተነሥቶ ወንበር አቀረበ።

«ጓድ የመቶ አለቃ፣ ያሳዝናል። ምናብ የበዛበት ወጣት ነበር።»

«ትናንት ሲመሽ?»

«እዚሁ፣ ሰነድ ስገለብጥ።»

«ከማን ጋር?»

«ከሰነዱ ጋር።»

«ጽሕፈትህ ያምራል። የት ተማርከው?»

«አጅባር፣ የመንግሥት ትምህርት ቤት። የቤተ ክህነት ደጅ ረግጬ አላውቅም።»

ስለ ቤተ ክህነት የጠየቀው አልነበረም። አራጌ ይህን ልብ አለና እንዳልሰማ ሆነ። ከሁለተኛው ደብተር አንድ ገጽ ገልጦ ከፊቱ አስቀመጠለት።

«ደሴ ያሉት አለቃዬ የሟቹን የእጅ ጽሕፈት ማየት ይፈልጋሉ። ደብተሩን ደግሞ መላክ አልችልም። ከአንተ የተሻለ እጅ ስለሌለ ነው፤ ፊደሉን ልክ እንደ እሱ አስመስለህ ገልብጥልኝ። ነገ ጠዋት ንባብ ቤት ይዘኸው ና።»

ተመሳሳዩን ገጽ አባተና ድንቅነሽም እንዲገለብጡ አደረገ። አባተ ግማሽ ሰዓት፣ ድንቅነሽ ሩብ ሰዓት ፈጀባቸው።

ቅዳሜ ጠዋት ሁሉም ንባብ ቤት ተገኙ። ወለተ ጊዮርጊስ ልጃቸው ይቀመጥበት በነበረው በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል። ሁለት ፖሊሶች በሩን ይዘዋል። አጥናፉ የገለበጠውን ገጽ አራት ቦታ አጥፎ አመጣ፤ አራጌ ተቀበለው፣ ገልጦ አንድ ጊዜ አየው፣ ጠረጴዛው ላይ በአፉ ደፋው።

«ሁላችሁም ይኼን ወረቀት አይታችኋል» አለ የሟቹን ኑዛዜ አንሥቶ። «ባዶውን ቦታ አይታችሁ ንጉሡ የፈጣሪን ስም መጥራት አፈረ አላችሁ። እኔም ለአንድ ሰዓት ያህል ብዬ ነበር። ከዚያ የአንባቢዎቹን አስተያየት አነበብኩ። ሰባተኛው ላይም ያው ባዶ ቦታ አለ። ሰባተኛው ግን ሟች አይደለም፣ ተሳዳቢ ነው። ተሳዳቢ ምን ያሳፍረዋል?»

ኑዛዜውን አስቀምጦ ደብተሮቹን ወደ ራሱ ሳበ።

«ወደ ሦስቱ ደብተሮች ሄድኩ። ንጉሡ የእግዚአብሔርን ስም ሠላሳ አንድ ጊዜ ጽፏል። አንዴም ቦታ አልዘለለም፤ በዚያው እስክሪብቶ ቀጥ አድርጎ ነው የጻፈው። ስለዚህ ኑዛዜውን የጻፈው ሌላ ነው፤ ሰባተኛውን የጻፈው ሰው። መሪጌታ፣ ብራናው ላይ ያን ሁሉ ክፍት ቦታ የሚተዉት ለምንድን ነው?»

መሪጌታ በጥያቄው ግር አላቸው። «ለቀዩ ነዋ። ስመ እግዚአብሔር በቀይ ይጻፋል። ጸሐፊ ጥቁሩን ይዞ ሲሄድ ቦታውን እየተወ ያልፋል፤ ኋላ ቀዩን በጥብጦ ይመለስበታል። ቁም ጽሕፈት የተማረ ሁሉ . . .» ንግግራቸው ተቆረጠ።

«መሪጌታን ጠርጥሬ ነበር» አለ አራጌ። «ግን መሪጌታ ቀይ ቀለም ቤታቸው አለ፤ አስተያየታቸውም ላይ ሞልተውታል። እስክሪብቶም አይነኩም። የምፈልገው ቁም ጽሕፈት ተምሮ የተወ፣ ቀይ ቀለም የሌለው፣ መማሩንም የሚደብቅ ሰው ነበር። እንዲህ ያለ ሰው የሥራ ደብዳቤ ሲጽፍ አይታወቅበትም፤ የፈጣሪ ስም በቀበሌ ደብዳቤ ላይ አይገባምና። የሌላ ሰው እጅ ሲያስመስል ግን ዓይኑ ፊደሉ ላይ ይተከላል። ያኔ እጁ በልጅነቱ ዱላ ቀምሶ የተማረውን ይሠራል።»

ሦስቱን ግልባጮች ገለበጣቸው። በአባተም በድንቅነሽም ገጽ ላይ የፈጣሪ ስም ሦስት ጊዜ ሰፍሯል። በአጥናፉ ገጽ ላይ ያማረ፣ የንጉሡን የመሰለ ጽሕፈት አለ፤ በመሃሉም ሁለት ጣት የሚያህሉ ሦስት ባዶ ቦታዎች።

አጥናፉ ወረቀቱን ተመለከተ። የራሱን እጅ እንደ እንግዳ ሰው እጅ አገላብጦ አየው።

«ስምንት ዓመት ብራና ጽፌአለሁ» አለ በመጨረሻ፣ ቀስ ብሎ። «አብዮቱ ሲመጣ ጥሩ እጅ ያለው ሰው ተፈለገ፤ ሄድኩ። በ1970 የሚወሰዱትን ሰዎች ዝርዝር ጻፍ አሉኝ፤ ጻፍኩ። ስም ጠሪውም እኔ ነበርኩ፤ ከመጋረጃ ኋላ። ይኼ ልጅ አወቀብኝ። ፊቱን በአራተኛው አሳያለሁ ብሎ በአደባባይ ጻፈ! አስጠነቀቅሁት፤ አልሰማም። ምን ላድርግ? ኑዛዜውን በእሱ እጅ አስመስዬ ጽፌ ሄድኩ፤ አፋፉ ላይ ተቀምጦ ሲጽፍ አገኘሁትና ገፋሁት።»

«ያን ጊዜ የሚጽፈው አራተኛውን መስሎህ ነበር?»

«አዎ። ደብተሩን ነጥቄ አቃጠልሁት።»

«ያቃጠልከው አዲስ ደብተር ነው፤ ሌላ ታሪክ የጀመረበት። አራተኛው ይኸው።»

አራጌ ከጨርቁ ውስጥ ደብተሩን አወጣና የመጨረሻውን ገጽ አነበበ፦ «ጉሙ ተገለጠ። ልጁ የጠሪውን ፊት አየ፤ የራሱ ፊት ነበር። ሦስት ቀን ገረፉኝ፤ በአራተኛው ቀን የጓደኛዬን ስም ጠራሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከዘንዶው ጀርባ መውረድ አልቻልኩም።»

አጥናፉ ገጹን ለማየት አንገቱን አሰገገ።

«ስላንተ የሚያውቀው ነገር አልነበረም» አለ አራጌ። «ስለ ራሱ ነው የጻፈው።»

ድንቅነሽ ወደ ጠረጴዛው ቀረበች። «የጠራው የያለውን ስም ነው?»

ያን ጊዜ አጥናፉ ሳቀ፤ ለመስማት የሚከብድ፣ ደረቅ ሳቅ። «ያለው? ያለው ዝርዝሩ ላይ ሁለተኛ ነበር። ንጉሡ ገና ሳይያዝ፣ በዚች እጄ ጽፌዋለሁ። ልጁን የገረፉት አዲስ ስም ፈልገው ነበር፤ እሱ የነገራቸው ያለቀውን ነው።»

አራጌ ካቴናውን እንዲያመጡ ለፖሊሶቹ ምልክት ሰጠ።

«ስለ ዝርዝሩ አትጠይቁኝም» አለ አጥናፉ እጁን ለካቴና እየዘረጋ። «የታዘዝኩት ነው።»

«እውነትህን ነው» አለው አራጌ፣ ዓይኑን ሳያነሣ። «የምትጠየቀው ስለ አንዱ ብቻ ነው።»

ፖሊሶቹ ይዘውት ሲወጡ ወለተ ጊዮርጊስ ከበርጩማው ተነሡ። «እኔ የዝርዝሩ ነገር አይገባኝም። ልጄ ይፈታል፣ አይፈታም?»

መሪጌታ መስቀላቸውን በሁለት እጃቸው ጨብጠዋል። «ይፈታል እሜቴ። እኔው ነኝ የምፈታው። ባዶውን ቦታ ያየሁ ቀን ከሁሉ በፊት ማወቅ የነበረብኝ እኔ ነበርኩ። ዕድሜ ልኬን የተውኩት ቦታ ነው። አይቼ ኃጢአት ነው አልኩ።»

አራጌ ደብተሮቹን ለማሸግ ሲሰበስብ ድንቅነሽ እስክሪብቶ ለመነችው። ሦስተኛውን ገልጣ፣ ከሰባተኛው ሥር ጻፈች፦ «ስምንተኛ። ልጁ ለምን እንዳልወረደ ገባኝ። ወንድሜን የጠራኸው አንተ አልነበርክም።» ስሟን አኖረች። አራጌ ቀለሙ እስኪደርቅ ጠብቆ ከነዚያ ሁሉ አስተያየቶች ጋር በማኅተም አሸገውና ወደ ደሴ ላከው። ከዚያ ወዲያ ያነበበው የለም።

ቀትር ሲቃረብ ደወል ተደወለ። አባተ ከሰው ሁሉ ወደ ኋላ ቀርቶ በሩ ላይ ቆሟል፤ በወረቀት የተጠቀለለ ነገር በእጁ ይዟል። ዛሬ ቀልድ አልነበረውም። ለወለተ ጊዮርጊስ ሰጣቸው። እሳቸውም ገልጠው፣ የተገለበጠውን ክሳድ በጣታቸው ዳስሰው፣ ስፌቱን ወደውት ይመስል ራሳቸውን ነቀነቁ።

ቀኑ ቅዳሜ ነበር።