ከድንኳኑ በር ላይ የተሰቀለው ፎቶ

ኢንስፔክተር ሃጂራ ገና ሬሳው ጋ ሳትደርስ አረቄው ሸተታት። ዓርብ ጠዋት ነበር። ከቀራንዮ ወደ ወንዙ በሚወርደው ኮረኮንች ዳር፣ ነሐሴ ላይ ከተናደው የድጋፍ ግንብ ሥር፣ አንድ ወጣት በጀርባው ተዘርሯል። አጠገቡ የተጋመሰ የአረቄ ጠርሙስ ቆሟል።

«ግልጽ ነው፣ ኢንስፔክተር» አለ ቀድሟት የደረሰው ፖሊስ፣ ወደ ግንቡ ጫፍ እየጠቆመ። «ሰክሮ ከላይ ወደቀ።»

«ጠርሙሱስ? እሱ ሳይሰክር በእግሩ ወረደ?»

ሃጂራ ተንበርክካ ሟቹን አየችው። የራስ ቅሉ ከኋላ ተሰንጥቋል። ፀጉሩ ገና መቆረጡ ነው፤ ብናኙ ኮሌታው ላይ እንዳለ አለ። ከግራ ጆሮው ሥር ምላጭ የነካው የመሰለች ትንሽ ጭረት ደም ቋጥራለች። አረቄው ደግሞ ከአገጩ ወደ ማጅራቱ ነው የወረደው፤ ደረቱ ደረቅ ነው። ቆሞ የጠጣ ሰው ቢያፈስ ደረቱን ያርሳል። ይህን ልጅ ግን ከተጋደመ በኋላ ነው አረቄ ያጠጡት።

ኪሱ ውስጥ ስልክ የለም። መታወቂያው ዮኤል ይለዋል፤ ፎቶው ላይ ትልቅ ጎፈሬ አለው። ሃጂራ ስሙን ታውቀዋለች። ያ ግንብ ሲናድ ከሥሩ የነበረች ጎጆ ውስጥ የተኙትን እናትና ሁለት ልጆቿን ደፍጥጦ ነበር፤ ስለ እነሱ ሳይታክት የሚጽፈው ጋዜጠኛ ይኸው ነው።

አለቃዋ ደወለላት። «አደጋ ነው ብለሽ ዝጊው። ቤተሰቡ አስከሬኑን ይፈልጋል።»

«ሐኪም ሳያየው አልዘጋም» አለችና ስልኩን እሷው ቀድማ ዘጋችው። ተናዳለች። ሰው ሞቶ ገና ሳይቀዘቅዝ ፋይሉን ለመክደን የሚጣደፍ ሰው ሁልጊዜ ደሟን ያፈላዋል።

የሟቹ እናት ወይዘሮ ዘመነች ቤት ስትደርስ የእድሩ ድንኳን እየተተከለ ነው። ቤተሰቡ ጴንጤ ነው፤ ዮኤልም ከልጅነቱ የዘማሪ ቡድኑ አባል ነበር። ከቤተ ክርስቲያናቸው የመጡ ሦስት ሽማግሌዎች ግን በሹክሹክታ ያወራሉ። ከመካከላቸው አንዱ ሃጂራን ገለል አደረጋት።

«እንደሚያውቁት በመጠጥ የሞተን ሰው በቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ለመሸኘት እንቸገራለን። ነገ ከሰዓት ቀብሩን ቤተሰቡ ብቻውን ያስፈጽም ብለናል።»

«በመጠጥ መሞቱን ማን ነገራችሁ?»

«አገር ሁሉ ያወራዋል።»

ወይዘሮ ዘመነች ሰምተው ኖሮ መጥተው የሃጂራን ክንድ ጨበጡ። ዓይናቸው እንባ የለውም፤ ቁጣ ነው የሞላው። «ልጄ መጠጥ ቀምሶ አያውቅም። ሰካራም ተብሎ አፈር ከለበሰ ሬሳውን ሳይሆን ስሙን ነው የሚቀብሩብኝ። ነገ ከሰዓት ነው ቀብሩ። እስከዚያ እውነቱን አምጪልኝ፣ ልጄ።»

ሃጂራ ቃል መግባት አትወድም። የዚያን ዕለት ግን ገባች።

ዮኤል የሚሠራበት የኢንተርኔት ዜና ቢሮ ኮልፌ 18 ማዞሪያ፣ ከአንድ ሞባይል መሸጫ በላይ ነው። ባለቤቱና ዋና አዘጋጁ ታዲዮስ ጥቁር ለብሶ ተቀበላት።

«ወንድሜ ነበር» አለ መሐረቡን ዓይኑ ላይ እያደረገ። «ለመጨረሻ ጊዜ ያየሁት ሐሙስ ጠዋት እዚሁ ነው። ከምሳ በፊት ወጣ፣ በዚያው ቀረ።»

«ስልኩስ?»

«የቢሮው ስልክ ነው የሚይዘው። አልተገኘም እንዴ? እንግዲህ ዱርዬ ወስዶት ይሆናላ።»

ካሜራ የሚያነሳው ቀዳማዊ ጥግ ላይ ተኮራምቶ ተቀምጧል። ሃጂራ ሳትጠይቀው እሱ ራሱ ጀመረ። «ሐሙስ ጠዋት ተጣልተናል፤ አልደብቅም። ጠጥተህ ሥራ ገባህ ብሎ ተቆጣኝ። እጠጣለሁ፣ አዎ። ጠርሙሱ የኔ ነው። ከመሳቢያዬ ነው የተወሰደው።»

«ማን ወሰደው?»

«እዚህ ቢሮ የሚገባ ሁሉ መሳቢያዬን ያውቃል። ታስሪኛለሽ?»

«ባስርህ ኖሮ እስካሁን ታውቀው ነበር» አለችው። ጥፋቱን እንዲህ ለፖሊስ የሚያስረክብ ገዳይ አጋጥሟት አያውቅም፤ ግን ገና ከጥርጣሬ አላወጣችውም።

ሦስተኛዋ ራዕይ ናት፤ ጋዜጠኛና የዮኤል እጮኛ። ሽማግሌ ሊልክ የነበረው እሁድ ነው። ድምጿ ይንቀጠቀጣል፤ ከሐዘን ይልቅ ንዴት ነው የሚያንቀጠቅጣት።

«የግንቡ ባለቤት አቶ መዝገቡ "ግንቡ እኔ ቦታውን ሳልገዛ የነበረ፣ በእርጅና የወደቀ ነው" ይላል። ዮኤል ውሸቱን አውጥቶበታል። የሳተላይት ምስል በዓመት በዓመቱ እየከፈተ አሳይቶኛል። ከአራት ዓመት በፊት እዚያ ባህር ዛፍ እንጂ ግንብ የለም።»

«ሐሙስ ምን ይመስል ነበር?»

«እንደ ሁልጊዜው። ጎፈሬው ተበጥሮ፣ ሸሚዙ ተሰክቶ።»

ሃጂራ ቀና አለች። ሐሙስ ጠዋት ጎፈሬ አለ። ዓርብ ጠዋት የለም።

አቶ መዝገቡን መጋዘኑ ውስጥ አገኘችው፤ እዚያው ከግንቡ በላይ። ዓይኑን በጨው የታጠበ ነጋዴ ነው። «እኔ ከጋዜጠኛ ጋር ምን ጠብ አለኝ? ይጻፍ! ግንቡ የደርግ ነው። አርጅቶ ወደቀ፤ የእግዚአብሔር ሥራ ነው።»

«ሦስት ሰው ሞቶ የእግዚአብሔር ሥራ?»

«ሐሙስ ጦር ኃይሎች ሱቄ ውስጥ ነበርኩ። ሠራተኞቼን ጠይቂ» አለና ጀርባውን ሰጣት። ጠየቀች። ውሸታም ቢሆንም ያን ቀን ሱቁ ውስጥ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ሐኪሙ ደወለ፤ በሟቹ ጨጓራ ውስጥ የአረቄ ጠብታ የለም። ሃጂራ ይህን ለእናትዬው ልትነግር ወደ ድንኳኑ ስትመለስ በሩ ላይ ትልቅ ባነር ተሰቅሏል። ዮኤል ከነጭ ደመናና ከርግቦች መሐል ፈገግ ይላል። ፀጉሩ አጭርና ንጹሕ ነው።

«አያምርም?» አሉ ወይዘሮ ዘመነች። «ያን ጎፈሬ ስጣላው ኖርኩ። የቤተ ክርስቲያን ሰው በጎፈሬው እንዳያየው ብዬ ታዲዮስን ጠዋት ለመንኩት፤ ፀጉሩ ያጠረበት ፎቶ ፈልግልኝ ብዬ። ተባረክ፤ ከየት እንዳገኘው እንጃ፣ የተማሪነቱ ጊዜ ይሆናል።»

ሃጂራ ባነሩን ተጠግታ፣ በእግሯ ጣት ቆማ፣ የሟቹን ግራ ጆሮ ሥር አየች። ፎቶው የትልቅ ሰው ቁመት ያህል ተለጥጧል። ጭረቷ እዚያው ናት፤ ቀይ፣ ገና ያልደረቀች። ሃጂራ ስልኳን አውጥታ ባነሩን አነሳችው። ከዚያ ንዴቱ መጣ።

ከማዞሪያው አጠገብ ካሉት ፀጉር ቤቶች ሁለተኛው ላይ ያገኘችው ፀጉር አስተካካይ ወዲያው አስታወሰው። «ሐሙስ ከምሳ በኋላ መጣ። ያን ሁሉ ጎፈሬ አወረድኩለት። "እሁድ ሽማግሌ እልካለሁ፣ እናቴን ደስ ይበላት" አለኝ። እየሳቀ ዘወር ሲል ምላጩ ጆሮው ሥር ነካው። ይቅርታ ስለው "አትጨነቅ" አለኝ።»

ሃጂራ ራዕይን ጠርታ በስልኳ ያነሳችውን የባነሩን ፎቶ ሰጠቻት። «ዮኤል ቅዳሜ ቅዳሜ ለጀማሪ ጋዜጠኞች ፎቶ ማጣራት ያስተምር ነበር አሉ፤ እስቲ እሱን አሁን ለኔ አሳዪኝ። ይህ ፎቶ ኢንተርኔት ላይ የት የት ወጥቷል?»

ራዕይ ፊቱን ብቻ ቆርጣ በአንድ የምስል መፈለጊያ አስገባችው፤ ቀጥላ በሌላ፣ ቀጥላ በሦስተኛ። «አንዱ ብቻ አይበቃም ይል ነበር፤ አንዱ ያላየውን ሌላው ያያል» አለች። የመጡት ሁሉ ጎፈሬ ያለባቸው ናቸው። ፌስቡኩንም እስከ ታች ወረደችበት። ፎቶው የትም የለም። ከዚያ እጇን ግንባሯ ላይ አደረገች። «ረቡዕ ዕለት "የራሳችንን ድረ ገጽ ፈትሸሽው ታውቂያለሽ?" አለኝ። ቀልድ መስሎኝ ነበር።»

«አሁን ፈትሺው። የዛሬውን አይደለም። የጠፋውን።»

ድረ ገጾች ሳይጠፉ የሚቀመጡበት የኢንተርኔት ማከማቻ አለ፤ ዮኤል ሁልጊዜ «ተሰርዟል ካሏችሁ መጀመሪያ እዚያ ሂዱ» ይል ነበር። ራዕይ የቢሯቸውን አድራሻ አስገብታ ወደ ኋላ፣ ወደ ኋላ ሄደች። ከዚያ ቀጥ አለች።

ቅዳሜ ጠዋት ድንኳኑ ሞልቷል። አቶ መዝገቡ ሳይቀር ለቅሶ ሊደርስ መጥቶ ከፊት ተቀምጧል። ሃጂራ መዝሙሩ እስኪያልቅ ጠብቃ ተነሳች። ታዲዮስ ከእናትዬው ጎን፣ ቀዳማዊ ከምሰሶው ሥር፣ ሽማግሌዎቹ ተርታቸውን ነበሩ።

«ይቅርታ አድርጉልኝ» አለች። «ዮኤል ሰክሮ አልወደቀም። ጨጓራው ውስጥ አረቄ የለም። የተፈሰሰበት ከተጋደመ በኋላ ነው፤ ጠርሙሱም አጠገቡ ቆሞ ነው የተገኘው። ሰው ገድሎት ስሙንም ሊገድል ሞክሯል።»

ድንኳኑ ውስጥ ጉርምርምታ ተነሳ። ቀዳማዊ ፊቱን በእጁ ሸፈነ።

«ጠርሙሱ የቀዳማዊ ነው። ስለዚህ የወሰደው ቢሮውን የሚያውቅ ሰው ነው፤ አቶ መዝገቡ ደግሞ ያን ቀን ጦር ኃይሎች ነበሩ። ቀዳማዊስ? ነፍሰ ገዳይ ቢሆን የራሱን ጠርሙስ ትቶ አይሄድም።» ወደ ታዲዮስ ዞረች። «አቶ ታዲዮስ፣ በሩ ላይ ያለውን ፎቶ ከየት አመጡት?»

«ከፌስቡኩ አወረድኩት።»

«ራዕይ ፈልጋዋለች። ፌስቡኩም ላይ ሆነ ሌላ ቦታ የለም።»

«እ... ተሳስቻለሁ። እሱ ነው የላከልኝ፤ ድሮ።»

«ድሮ አይደለም። ጆሮው ሥር ያለችውን ጭረት እዩ። ያቺን ያወጣው ሐሙስ ከምሳ በኋላ ፀጉሩን የቆረጠው ሰው ነው፤ ምስክርነቱን ሰጥቷል። ይህ ፎቶ የተነሳው ዮኤል ከፀጉር ቤቱ ወጥቶ ሳይሞት ባለው ጊዜ ነው። እርስዎ ደግሞ ከጠዋት ወዲህ አላየሁትም ብለውኛል።»

«ከሰዓት ላከልኝ ማለቴ ነው!»

«እንግዲያው ስልክህን አውጣና መልእክቱን አሳየኝ።»

አንተ ማለቷን ሁሉም ሰምቷል። ታዲዮስ እጁን ወደ ኪሱ ሰደደ፤ መልሶ አወጣው። ላብ ፊቱን አጠመቀው።

«መልእክት የለም» አለች ሃጂራ። «ዮኤል ራሱን ያነሳበት ፎቶ ነው፤ ያለው የጠፋው ስልክ ውስጥ ብቻ ነው። ስልኩ የቢሮው ነው፤ መክፈቻ ቁጥሩን ታውቀዋለህ። የወሰድከው ሌላ ነገር ልታጠፋ ነበር። እናቱ አጭር ፀጉር ያለበት ፎቶ ሲለምኑህ ግን እምቢ ማለት አልቻልክም፤ ደግ ሐዘንተኛ መምሰል ነበረብህ። ሁሉም ፎቶው ጎፈሬ ሆነብህ፤ ከሟቹ ስልክ አወጣህ። ደመና ለጠፍክበት። ጭረቷን አላጠፋህም፤ ምን እንደሆነች አታውቅማ።»

ራዕይ ተነሳችና ላፕቶፗን ወደ ሰዉ አዞረች። የተሰረዘው ገጽ ነው። ታዲዮስና አቶ መዝገቡ አዲስ ግንብ ፊት ለፊት ሪባን ይቆርጣሉ፤ ከሥሩ «በአካባቢው የመጀመሪያው ዘመናዊ ግንብ ተመረቀ» ይላል፤ ጸሐፊው ታዲዮስ ነው።

«ግንቡ ሰው የገደለ ዕለት ይህን ሰረዝክ» አለች ራዕይ። «በማግስቱ "የደርግ ዘመን ግንብ በእርጅና ተናደ" ብለህ ጻፍክ። እኛም አምነንህ ደገምነው!»

አቶ መዝገቡ ሊነሳ ሲል በሩ ላይ የቆሙት ፖሊሶች አስቀመጡት። «የግንቡ ነገር የእርስዎ ነው» አለችው ሃጂራ። «የትም አይሄዱም።»

«ልገድለው አልነበረም!» ጮኸ ታዲዮስ። «ጠርሙሱን ይዤ ግንቡ ጋ የሄድኩት ላስፈራራው ነው፤ ካወጣኸው ሰካራም ነው ብዬ አስወራብሃለሁ ልለው። ሙያዬ ያልቅ ነበር፣ ስሜ... እንዲተወው ለመንኩት። እምቢ አለኝ። ገፋ አደረግኩት፣ በቃ፣ ገፋ!»

«ገፋህ። ወደቀ። ሐኪም መጥራት ትችል ነበር» አለች ሃጂራ፤ ድምጿ ዝቅ ብሏል፤ ንዴቷ ግን ድንኳኑን ሞልቶታል። «አንተ ግን ቁልቁል ወርደህ፣ ጠርሙስ ከፍተህ፣ የሙት አፍ ላይ አፈሰስክ። ከዚያ መጥተህ እናቱን አቀፍክ።»

ይዘውት ሲወጡ ወይዘሮ ዘመነች ቀና ብለው አላዩትም። ፀጉሩን ለማን ብሎ እንደተቆረጠ ሃጂራ ጠጋ ብላ ስትነግራቸው ብቻ ነው ነጠላቸው ውስጥ ተደፍተው ያለቀሱት። ለረጅም ጊዜ አለቀሱ፤ ማንም አላባበላቸውም።

ከዚያ ሽማግሌው ጉሮሮውን ጠራርጎ ቀረበ። «እናታችን፣ ጌታ ያጽናናዎት። እንግዲህ ነገሩ ጠርቷል። ከሰዓት ቤተ ክርስቲያን መርሐ ግብር ይዘናል፤ በክብር እንሸኘዋለን።»

ወይዘሮ ዘመነች እንባቸውን ጠርገው ተነሱ። «አልፈልግም» አሉ።

«እናታችን...»

«እዚያ አሳድጋችሁታል። መዝሙሩን ሰምታችኋል፣ እጁን ጨብጣችኋል። አንዳችሁ እንኳ "ይህ ልጅ አይጠጣም፣ እናውቀዋለን" አላላችሁም። አይታው የማታውቅ ፖሊስ አንገቱን አይታ አመነችው። እናንተ ወሬ ሰምታችሁ በር ዘጋችሁበት። አሁን በሩን ለማን ነው የምትከፍቱት? ለሱ ነው ወይስ ለራሳችሁ?»

ወይዘሮ ዘመነች ወደ ወጣቶቹ ዞሩ።

«ሳጥኑን አንሱ። በወንዙ መንገድ ነው የምንሄደው፤ እነዚያ ልጆች ከሞቱበት ቤት ደጃፍ ቆመን እንጸልያለን። የሞተው ለነሱ ነው።»

ቀዳማዊ የመጀመሪያውን እጀታ ያዘ፤ ራዕይ ሁለተኛውን። ሰዉ ተነስቶ ኮረኮንቹን መውረድ ጀመረ። ሽማግሌዎቹ ትንሽ ካመነቱ በኋላ ከሰልፉ ጭራ ገቡ፤ ከፊት ይቅደሙ ያላቸው ሰው አልነበረም።