እግሬን ገፋችኝ

ቡልኮ ሻጯ ልክነሽ መኪና ገጭቷት ከመንገዱ ዳር ቦይ ውስጥ በጎኗ ሞታ ወድቃለች። ድንጋዩ ላይ ባትወድቅ ኖሮ አቧራዋን አራግፋ ትነሳ ነበር ይላሉ ያዩት ሁሉ። ከዶርዜ ገበያ የሚመለሰው ሰው ከቧታል። አብረዋት የነበሩት ልጆቿ ያለቅሳሉ፣ የቀረው ቆሞ መኪናውን ያያል።

ዋና ሳጅን ማህደር የትራፊክ አደጋ መርማሪ ናት። ከወባ የተነሳችው ገና በዚያው ሳምንት ነው። አፏ መሯታል። ከአርባ ምንጭ እስከዚህ ዳገት ስትመጣ አንድ ነገር ብቻ ተመኝታለች፦ ቀላል አደጋ እንዲሆንላት። ሰው በሞተበት ቀላል አደጋ እንደሌለ ግን ከማንም በላይ ታውቃለች።

"በጣም ይበር ነበር?" አለች አንዱን ሽማግሌ።

"ምን በረረ! እኛ በእግራችን ስንሄድ ከኋላችን ቀስ እያለ ይከተል ነበር።"

እዚህ ላይ ደከማት። በሰው እርምጃ የሚሄድ መኪና ፍሬን ሲይዙት ይቆማል። ይህኛው አልቆመም።

ሾፌሩ ካሱ አላመለጠም። ከአሮጌው ስቴሽን ዋገን ጎማ ሥር ቁጭ ብሎ ጭንቅላቱን ይዟል። የጨንቻ ልጅ ነው። ሚስቱና ልጆቹ የሚኖሩት በዚህች መንጃ ፈቃድ ነው። በቸልተኝነት ሰው ገደለ ከተባለ መንጃ ፈቃዱም ይሄዳል፣ እሱም ወህኒ ይወርዳል።

በማግስቱ ኮንስታብል ማራኪ ዓይኑ እያበራ ቢሮዋ ገባ። የካሱን ቃል የተቀበለው እሱ ነው።

"ሳጅን፣ አደጋ አይደለም። ግድያ ነው።"

"ቁጭ በልና ንገረኝ። ራሴን ያመኛል።"

"ሾፌሩ 'ፍሬን ስይዝ እግሬን ገፋችኝ' ነው ያለው። 'ማን ናት የገፋችህ?' አልኩት። 'እሷ' አለ። መኪናው ውስጥ የነበረች ሴት ደግሞ አንዲት ናት።"

ያቺ አንዲት ሴት ወይዘሮ ሰናይት ናት፣ የመኪናው ባለቤት የአቶ ዘሚካኤል ሚስት። ማራኪ በዚህ አላበቃም። ያን ዕለት ሰናይትና ልክነሽ ገበያ መካከል ሲጨቃጨቁ የሰማ ሰው አግኝቷል። ሰናይት "ታያለሽ!" ብላታለች። ወጣት ፖሊስ እንዲህ ያለ ነገር ሲያገኝ ምሳም አያምረውም።

ሰናይት ስትጠራ ነጠላዋን አጣፍታ መጣች። ባሏም አብሯት መጥቶ በረንዳው ላይ ተቀመጠ። ጡረታ የወጣ የመንግሥት ሹም ነው። ከሰሜን ለሥራ መጥቶ እዚሁ አርጅቷል።

"ከልክነሽ ጋር ለምን ተጣሉ?" አለች ማህደር።

"በቡልኮ። እኔ ያዘዝኩትን ለሌላ ሰው ሸጠችው።"

"'ታያለሽ' ብለዋታል።"

"ብያለሁ። ሁለተኛ ካንቺ አልገዛም ማለቴ ነው። ለቡልኮ ብዬ ሰው እገድላለሁ?"

"የሾፌሩን እግር ገፍተዋል?"

"በመካከላችን ማርሹ አለ! እግሬን በየት አሾልኬ ልግፋው?"

መልሱ መልካም ነው። ግን ማህደር መልካም መልስ የሚሰጡ ገዳዮችም ገጥመዋታል። ወደ በረንዳው ስትወጣ አቶ ዘሚካኤል ከተቀመጠበት ሳይነሳ አናገራት።

"ሰኒ ንዴቷ አይጣል ነው፣ ሳጅን። ግን ክፉ ሰው አይደለችም።"

ነገሩ ቅር አላት። ሚስቱ በነፍስ ተጠርጥራ ባል የሚጀምረው ከንዴቷ ነው? ምናልባት የወባው መድኃኒት ነው እንዲህ የሚያነጫንጨኝ ብላ አለፈችው።

ካሱን አስጠራችው። ዓይኑ አብጧል።

"ካሱ፣ ያን ሰዓት ወይዘሮ ሰናይት ምን እያደረጉ ነበር?"

"እትዬ? ከጎኔ ተቀምጠዋል። ሰው ሲያዩ ጮኹ። 'ያዘው! ያዘው!' አሉኝ። እሳቸው በጣም ነው የደነገጡ።"

ማህደር እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

"እግርህን የገፋችህስ?"

"እሷ ናት።"

"እትዬን 'እሷ' ትላቸዋለህ?"

ካሱ ከወንበሩ ሊነሳ ምንም አልቀረው። "ኧረ ሳጅን! እናቴ ብትሰማ ትረግመኛለች። እሳቸውን እንዴት እንደዚያ ብዬ?"

"ታዲያ 'እሷ' ማን ናት?"

"ፍሬን ናታ! ረገጥኳት፣ ድርድርድር አለች፣ እግሬን ወደ ኋላ መለሰች። ሃንድ ብሬክ ሳብኩ፣ መኪናው ግን ቀድሞ ደረሰባት።"

ማህደር በሩ አጠገብ የቆመውን ማራኪን አየችው። ማራኪ ጣራውን አየ። የካሱ አፍ መፍቻ ጋሞኛ ነው። በእሱ አማርኛ ፍሬንም በርም መንገድም እንደ ቀኑ ሴት ወይም ወንድ ይሆናሉ። ክብርን ግን አይስትም፣ በአንቱታ ያሳደጉት ልጅ ነው። ማራኪ "ማን ናት?" ብሎ ሲጠይቀው "እሷ" ብሎ መለሰ፣ ሴትዮዋም በዚያች ቃል ገዳይ ልትሆን ነበር። ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ የሚባለው ለዚህ ነው።

"ፍሬኗ ከዚህ በፊት እንዲህ አድርጋ ታውቃለች?"

"አንድ ጊዜ። አርባ ምንጭ ሲቀላ ሰፈር፣ ጌታነህ ጋራዥ ወሰድናት። ከዚያ ደህና ሆነች፣ ቢጫ መብራት ብቻ ዳሽቦርድ ላይ በርቶ ቀረ። የአደጋው ቀን ጠዋት ግን መብራት የለም። ጋሼ ዘሚካኤልን ጠየቅሁ። 'ጌታነህ ሠርቷታል' አሉኝ።"

ጌታነህ በቅባት የጠቆረ ቱታውን እንደለበሰ ፖሊስ ጣቢያ መጣ። የተጠረጠረ ሰው መሆኑ ሲነገረው ተቆጣ።

"እኔ ያቺን መኪና ከጋራዤ ከወጣች ወዲህ ዓይኗን አላየሁም!"

"እንግዲያው አሁን እያት" አለችው ማህደር።

መጀመሪያ እሷ ራሷ መሪውን ያዘች። በግቢው ውስጥ ቀስ ብላ ነድታ ልትቆም ስትል ፍሬኑን ረገጠች። ፔዳሉ ከእግሯ ሥር ተርገበገበ፣ መልሶም ገፋት። መኪናው ዝም ብሎ ወደ ፊት ሄደ። አጥሩ ዘንድ ሲደርስ ነው የቆመው። ላቧ ጀርባዋን አራሰው፣ መፍራቷንም አልደበቀችም።

ጌታነህ የመኪናውን ፊት በክሪክ አነሳ። በእያንዳንዱ ጎማ አጠገብ ሴንሰር አለ አላት፣ የጎማውን ፍጥነት ፍሬኑን ለሚቆጣጠረው ኮምፒውተር የሚነግር። ጎማው ሲዞር አብሮት የሚዞር ጥርሳም ቀለበት አለ፣ ሴንሰሩ ጥርሶቹን ይቆጥራል። ጎማውን በእጁ እያዞረ ሽቦው ላይ ቴስተር የሚባለውን የኤሌክትሪክ መለኪያ ያዘ። የግራው ቁጥር አወጣ። የቀኙ ቀስ ብሎ ሲዞር ምንም አላለም፣ ፈጠን ሲል ብቻ ትንሽ ተንፈስ አለ።

ሴንሰሩን ፈታው። ጫፉ በብረት ብናኝ ተሸፍኗል። ጠርጎ መለሰውና ደግሞ አዞረ። ያው ነው። በባትሪ እያበራ ቀለበቱን አሳያት። ተሰንጥቋል።

"ይኸው። ቀስ ብለሽ ስትሄጂ ሴንሰሩ 'ይህ ጎማ ቆሟል' ብሎ ይዋሻል። ኮምፒውተሩ ደግሞ የዋህ ነው፣ ያምነዋል። ጎማው ተቆልፎ ተንሸራተተ ብሎ፣ እንዲዞር ፍሬኑን ይለቅልሻል። ያኔም አይቼዋለሁ። ምትክ ቀለበት ከአዲስ አበባ እስኪመጣ የኮምፒውተሩን ፊውዝ አወጣሁት። ፊውዙ ከሌለ ኮምፒውተሩ ይተኛል፣ ፍሬኑ እንደ ድሮ መኪና ፍሬን በደንብ ይይዛል። መብራቱ ብቻ ይበራል።"

"ይህን ለማን ነገርክ?"

"ለጋሽ ዘሚካኤል። 'ፊውዙ ከገባ ፍሬኑ ይከዳዎታል' ብዬ። ካሱ ያኔ ውጭ ጎማ ያስነፋ ነበር።"

የፊውዙን ሳጥን ከፈቱ። ፊውዙ ቦታው ላይ አለ። ማህደር ነቅላ አወጣችውና ደግማ ነዳች። ቢጫው መብራት በራ። ፍሬኑን ስትረግጥ መኪናው እንደተቸነከረ ቆመ።

አሁን የቀረው አንድ ጥያቄ ነው። ማን መለሰው? ጌታነህ "እኔ ብሆን ቀለበቱን ሳልቀይር አልመልሰውም" አለ። ሳይጠግን ጠገንኩ የሚል መካኒክ ግን አገር ሙሉ ነው። ማህደር ሁሉንም አንድ ክፍል ሰበሰበቻቸው።

"ጌታነህ ነው" አለ አቶ ዘሚካኤል። "እኔ ስለ መኪና ምን አውቃለሁ? ፊውዝ ይሁን ምን ነግሮኝ አያውቅም።"

"ውሸት!" ጌታነህ ተነሳ።

"ቁጭ በል" አለች ማህደር። ለመጮህ እንኳ አቅም አልነበራትም።

ሰናይት እጇን አነሳች። "ይቅርታ" አለች። "ፊውዝ የምትሉት የት ነው ያለው?"

"ከመሪው በታች፣ በሾፌሩ እግር በኩል" አላት ጌታነህ።

ወደ ባሏ ዞረች።

"ያን ዕለት ጠዋት እዚያ ተንበርክከህ አገኘሁህ። 'መነጽሬ ወደቀ' አልከኝ። መነጽርህ ደረት ኪስህ ውስጥ ነበር። ሳቅሁብህ እኮ፣ ዘሚካኤል። አረጀህ ብዬ ሳቅሁብህ።"

አቶ ዘሚካኤል ክራቫቱን ነካካ፣ መሬት መሬት አየ።

"ጨንቻ መኪናውን የሚገዛ ሰው ነበረ" አለ በመጨረሻ። "ካሱ መጀመሪያ ለእሱ እንዲያሳየው፣ ሲመለስ ሰኒን ገበያ እንዲያደርሳት ነው የላክሁት። መብራት የበራበት መኪና ማን ይገዛል? መኪናውን ሸጬ አገሬ ልግባ ብዬ ነው። ሙቀቱ ሰለቸኝ። አንድ ቀን ምን ይሆናል አልኩ።"

"ገዢውስ?" አለች ማህደር። "ከገዛ በኋላ ይነግሩት ነበር?"

አቶ ዘሚካኤል መነጽሩን ከደረት ኪሱ አውጥቶ መልሶ ከተተው።

"እኔን ነፍሰ ገዳይ ሲሉኝ በረንዳው ላይ ነበርክ" አለች ሰናይት። "ስለ ንዴቴ ስታወራ ነበር አሉ።"

"ይለቁሻል ብዬ ነው፣ ሰኒ። ማስረጃ የላቸውም ብዬ።"

"ካሱንስ? እሱንም ይለቁታል ብለህ ነው?"

አቶ ዘሚካኤል ፊቱን ሸፈነ። ማራኪ ወስዶ አሰረው። በዚያ ቀን የማራኪም ዓይን አላበራም።

ዐቃቤ ሕጉ የካሱን ክስ ዘጋው። ማህደር ራሷ መንጃ ፈቃዱንና ሲታሰር የወሰዱበትን ቀበቶ መለሰችለት። በዚህ ሥራ ውስጥ ደስ የሚላት ነገር ቢኖር ይህ ነው፣ እሱም ብዙ ጊዜ አይገኝም።

"በል፣ ልጆችህ ይጠብቁሃል" አለችው በሩ ላይ።

ካሱ ግን ወደ መናኸሪያው አልሄደም። ከአጥሩ ውጭ ሁለት የጋሞ ሽማግሌዎች የእርቅ ምልክት የሆነውን እርጥብ ሳር ይዘው ቆመው ነበር።

"ወዴት ነው?" አለችው ማህደር።

"ልክነሽ ቤት። ይዘውኝ እንዲሄዱ ልኬባቸው ነው የመጡት። ሳልታረቅ ቤቴ አልገባም፣ ልጆቼን አላቅፍም። በእኛ ነውር ነው።"

"ካሱ፣ ነፃ ነህ እኮ። ጥፋቱ ያንተ እንዳልሆነ በሕግ ተረጋግጧል። ለቤተሰቡም እኔ እነግራቸዋለሁ።"

"ይንገሯቸው፣ ሳጅን። እግዜር ይስጥልኝ።" መንጃ ፈቃዱን ኪሱ ከተተ። "ለእናንተ የገደለች ፍሬን ናት። ልጆቿ ግን ፍሬን አያውቁም። እናታቸው ስትወድቅ በመኪናው መስታወት ውስጥ ያዩት የኔን ፊት ነው።"

ሽማግሌዎቹን አስቀድሞ ወደ ልክነሽ ቤት የሚወስደውን የጨንቻ መንገድ ያዘ።