የኦቦ ዲንሳ የመጨረሻ ምዕራፍ

ጎጆ ከተማ ገበያ ላይ ጉሙ ገና አልተነሣም። ጃለኔ ከድንች ጆንያዎቹ ጀርባ ቆማ የመጽሐፉን ረቂቅ የያዘውን ፍላሽ ለአለቃዋ ለሙለታ አቀበለችው። ለስለላ መሥሪያ ቤቱ ስሟ «ገብስ» ነው። አምቦ ውስጥ ግን የጡረተኛው መምህር የኦቦ ዲንሳ ታይፒስት ናት፤ የስለላ ልቦለዳቸውን እየተየበች ትሰልላቸዋለች።

«ሌላ ቅጂ?»

«ሁሉንም አጥፍቻለሁ።»

ዋሽታለች። አንዱ ፍላሽ ቀሚሷ ጠርዝ ውስጥ ተሰፍቷል።

«ጎበዝ። ማታ ሽማግሌውን እናነሳዋለን።»

«መጽሐፉ ከመጣ እሳቸው አይነኩም ብለውኝ ነበር።»

«ብዬ ነበር» አለ ሙለታ፣ ድንች እየመረጠ።

ደሟ ፈላ። ለዚህ ሰው ብላ ነው ማንነቷን ደብቃ የኖረችው! ወደ አምቦ በሚወርደው የመጀመሪያ አይሱዙ ተሳፈረች።

«ኦቦ ዲንሳ፣ ይሽሹ። እኔ ሰላይ ነኝ።»

«አውቃለሁ» አሉ፣ ከወንበራቸው ሳይነሱ። «ሰላዮቹ ዕቃ የሚቀባበሉበትን ምዕራፍ ሆን ብዬ አበላሽቼ ሰጠሁሽ። ሳልጠይቅሽ አቃናሽው። እንዲህ ያለውን ጥንቃቄ ታይፒስት ከየት ታመጣዋለች?»

ጃለኔ አፈረች። ሙያ በልብ ነው የሚባለውን ረስታ ነበር።

«ታዲያ ለምን አላባረሩኝም?»

«የመጽሐፉ መጨረሻ ጎድሎኝ። ልጄን ሌታን በግርግሩ ዓመት ወሰዱት። ልጠይቅ ብሄድ ሙለታ ‹አላየነውም› አለኝ። እውነቱን የሚያውቅ ቢኖር ከእናንተው ወገን ነው።»

ጃለኔ አጠገባቸው ተንበረከከች።

«ሙለታ እስረኛ በሚያቆይበት ግቢ ውስጥ አይቼዋለሁ። በሕይወት አልወጣም።»

የሽማግሌው እንባ ወረደ፤ አልጠረጉትም። ተነሥተው ወንበሩን ለቀቁላት።

«ተቀመጪና ጻፊው፣ ልጄ።»

የቀሚሷን ጠርዝ ተርትራ ፍላሹን ኮምፒውተሩ ላይ ሰካችው። ግቢውን ጻፈች። ክፍሉን፣ የሙለታን ትእዛዝ፣ የራሷን ዝምታ ጭምር ጻፈች።

ሲመሽ ደጅ ላይ መኪና ቆመ።

ኦቦ ዲንሳ ከዘራቸውን ይዘው ወደ በሩ ወጡ።

«አካም ጅርቱ? ነጋ? ሰላም ናችሁ? ልጆች ደኅና? ከብቱስ? አባትህስ ተሻላቸው?»

ከሙለታ ጋር የመጡት የአገሩ ልጆች ናቸው። የሽማግሌ ሰላምታ ማቋረጥ ደግሞ ነውር ነው። አንድ በአንድ ቆመው መለሱ። ሙለታ ራሱ ጥርሱን ነክሶ «ነጋ» አለ። ሽማግሌው ስለ ዝናቡ ጠየቁት።

በዚህ መሃል ጃለኔ ፍላሹን ነቅላ በጓሮ ወጣች።

ኦቦ ዲንሳን ወሰዷቸው። ከዚያ ቀን ወዲህ ጃለኔ የምትባል ሴት አምቦ ላይ አልታየችም። መጽሐፉ ግን ታትሞ ታየ። የከተማው ሰው ሲሻማበት ጸሐፊው ገና እስር ላይ ነበሩ።

የመጨረሻው ምዕራፍ በሌታ ዲንሳ ስም ይጀምራል።